ቤተ መንግሥቱ መንደር ሲሆን፦ የአክሱም የድንጋይ አዳራሾች ሁለተኛ ዘመን

የሕንፃ ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከመሠረት ተነሥቶ ጣሪያ ላይ ሲደርስ ያበቃል። ማን አሠራው፣ መቼ ተጠናቀቀ፣ ስፋቱና ቁመቱ ምን ያህል ነው፣ የትኛው ንጉሥ ተቀመጠበት የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ካገኙ ጸሐፊው ብዕሩን ያኖራል። ንጉሡ ሲሞት ወይም ከተማውን ለቆ ሲሄድ ሕንፃውም አብሮት እንደ ሞተ ይቈጠራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዘመን «ፈረሰ» በምትል አንዲት ቃል ይታለፋል። ሆኖም አንዳንድ ታላላቅ ሕንፃዎች ከነገሥታቱ በኋላ የኖሩት ዘመን ከነገሥታቱ ጋር ከኖሩት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዚያም ረጅም ዘመን ውስጥ ሰው አልተለያቸውም።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኵረው በዚያ በተዘለለው ዘመን ላይ ነው። ለምሳሌነት የተመረጡት በአክሱም ከተማ ምዕራባዊ ክፍል የሚገኙት ጥንታውያን የድንጋይ አዳራሾች ሲሆኑ፣ የሚነሣውም ጥያቄ የገዢዎች መኖሪያ የነበረ ሕንፃ ወደ ድሆች ጎጆነት በሚለወጥበት ጊዜ ምን ያጣል፣ ምንስ ያተርፋል የሚለው ነው። ጥያቄው በአክሱም ብቻ የሚወሰን አይደለም። ከአስኮ እስከ ኮተቤ በተዘረጋችው በአዲስ አበባም የቀድሞ መኳንንት ቤቶች ለብዙ ቤተሰቦች ተከፋፍለው መኖሪያ ሆነው ቆይተዋል። ስለዚህ ከጥንቱ የሚገኘው ትምህርት ለዛሬው ሥራ መመሪያ ይሆናል።

አዳራሾቹ እንዴት ተሠሩ

በአክሱም ከሚታወቁት ታላላቅ መኖሪያ ሕንፃዎች መካከል እንዳ ሚካኤል፣ እንዳ ስምዖን፣ ታዕካ ማርያምና ዱንጉር ዋነኞቹ ናቸው። የፊተኞቹን ሦስቱን በ1898 ዓ.ም. በኤኖ ሊትማን መሪነት ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን የጥናት ቡድን ቆፍሮ ለካቸው፤ የሕንፃ ባለሙያዎቹ ዳንኤል ክሬንከርና ቴዎዶር ፎን ሉፕከ ንድፋቸውን አነሡ። የጥናቱም ውጤት እ.ኤ.አ. በ1913 በበርሊን በአራት ቅጽ ታተመ። ዱንጉርን ደግሞ ፈረንሳዊው የአርኬዎሎጂ ሊቅ ፍራንሲስ አንፍሬ ከ1958 እስከ 1960 ዓ.ም. ባካሄደው ቁፋሮ ከአፈር አወጣው።

እነዚህ ሕንፃዎች በስፋት ቢለያዩም በአሠራር የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በመካከል አራት ማዕዘን የሆነ ዋና ቤት ይቆማል፤ በዙሪያው ክፍት ግቢ ይገኛል፤ ግቢውን ደግሞ በረድፍ የተሠሩ በርካታ ክፍሎች ይከቡታል። የዋናው ቤት አንድ ጎን በታዕካ ማርያም ወደ 24 ሜትር፣ በእንዳ ሚካኤል ወደ 27 ሜትር፣ በእንዳ ስምዖን ወደ 35 ሜትር ይደርሳል። ከሁሉም የሚልቀው የታዕካ ማርያም ግቢ በጠቅላላው ሲለካ ወደ 120 በ80 ሜትር ያህል ነበር። ዱንጉርም ከነዙሪያ ክፍሎቹ ወደ 3,000 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ቦታ ይሸፍናል።

ዋናው ቤት የሚያርፈው በከፍተኛ የድንጋይ መደብ ላይ ነው። የመደቡ ግድግዳ ወደ ላይ በወጣ ቍጥር በየደረጃው ወደ ውስጥ እየገባ ይሄዳል፤ በአግድሙም አንድ ጊዜ ወጣ፣ አንድ ጊዜ ገባ እያለ ይዘረጋል። ማዕዘኖቹ በጠንካራ ጥርብ ድንጋይ የተያዙ ሲሆኑ፣ በመካከል ያለው የግድግዳ ክፍል ካልተጠረበ ድንጋይና ከጭቃ የተሠራ ነው። ከመደቡ በላይ የሚነሣውን ግድግዳ አጥብቆ የሚይዘው እንጨት ነበር። በግድግዳው ርዝመት የሚጋደሙ ወራጆች ይቀመጣሉ፤ እነሱንም የሚያያይዙ አጫጭር እንጨቶች ጫፋቸውን ወደ ውጭ አውጥተው ይታያሉ። እነዚህ ጫፎች «የዝንጀሮ ራስ» የሚል ስም ተሰጥቷቸዋል።

የእንጨቱ ሥራ በአዳራሾቹ ላይ ባይተርፍም መልኩ አልጠፋም። የአክሱም ጠራቢዎች በታላላቆቹ ሐውልቶች ላይ በድንጋይ ቀርጸው አቆይተውታል። ወድቆ የሚገኘውና 33 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሐውልት የ13 ፎቅ ሕንፃ ምስል ነው። የአሠራሩም ጥበብ በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያንና በላስታ ዋሻ ውስጥ በቆመው በይምርሐነ ክርስቶስ እስከ ዛሬ በእንጨትና በድንጋይ ይታያል። በላሊበላ ቤተ አማኑኤል ደግሞ ያው ወጣ ገባ ግድግዳ ከአንድ ወጥ አለት ተፈልፍሎ ቀርቷል።

በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ነጋዴና ጸሐፊ ኮስማስ የኢትዮጵያ ንጉሥ አራት ግንብ ያለው ቤተ መንግሥት እንደ ነበረው ጽፏል። ክሬንከር የእንዳ ሚካኤልን የቀድሞ መልክ በንድፍ ሲያቀርብ በአራቱ ማዕዘን ግንቦች ያቆመለት ይህን ምስክርነት በማሰብ ነው። ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት በመካከሉ ከፍ ብሎ በቆመው ቤት ጌታው ይቀመጥ ነበር፤ በዙሪያው ባሉት ዝቅተኛ ክፍሎች ደግሞ አገልጋዮችና ባለ እጆች ይሠሩና ያድሩ ነበር። የሕንፃው ንድፍ የኅብረተሰቡንም አቀማመጥ የሚያሳይ ነው። በመደቡ ላይ ያለውና ከመደቡ በታች ያለው በአንድ አጥር ውስጥ ቢኖሩም የሚለያያቸው የደረጃ ቍጥር ነበር።

ዘውዱ ሲርቅ

ከ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የአክሱም ኃይል እየተዳከመ ሄደ። ፋርሶች የመንን ከያዙ በኋላም ሆነ የእስልምና መንግሥት ከተነሣ በኋላ በቀይ ባሕር ንግድ ላይ የነበረው ሚዛን ተለወጠ። የአክሱም ነገሥታት በስማቸው ያስመቱት የነበረው የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ገንዘብ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተቋረጠ። ካርል ቡትዘር የተባለው የመልክዓ ምድር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት እንዳመለከተው የከተማው ዙሪያ መሬትም ደክሞ ነበር። ደኑ ለማገዶ፣ ለከሰልና ለሕንፃ ተመንጥሮ፣ ተዳፋቱ ያለ ዕረፍት ታርሶ፣ አፈሩ በጎርፍ ተጠርጎ ወደ ከተማው ወርዷል። የገዢዎቹ መቀመጫም ከአክሱም ራቀ።

ቤተ መንግሥት ከንጉሡ ጋር ግብሩን፣ አሽከሩንና አናጢውን ያጣል። በእንጨትና በጭቃ የተያያዘ ግድግዳ ደግሞ ያለ ጥገና ብዙ አይቆይም። በመጀመሪያ ጣሪያው ያፈስሳል፤ ውሃው ወደ ግድግዳው ልብ ይገባል፤ ወራጁ ይበሰብሳል፤ የዝንጀሮ ራሱ ከቦታው ይላቀቃል፤ በመጨረሻም የላይኛው ፎቅ በታችኛው ላይ ይደረመሳል። መደቡ ግን በውስጡ በድንጋይና በአፈር የተሞላ ስለሆነ ጸንቶ ይቀራል። በዚህ ምክንያት በአክሱም ዛሬ የሚታየው የአዳራሾቹ የታችኛው ክፍል ብቻ ነው።

ከአዳራሽ ወደ ጎጆ

አርኬዎሎጂ ያስገኘው ዐቢይ ጉዳይ ይህ ነው፦ አዳራሾቹ ጌታ ባጡ ጊዜ ሰው አላጡም። በአክሱምም ሆነ በመጠራ በተካሄዱት ቁፋሮዎች፣ ከታላላቆቹ ቤቶች ከፊሎቹ በኋለኛው ዘመን ድሆች እንደ ሰፈሩባቸውና በውስጣቸውም ሆነ ግድግዳቸውን ተጠግተው አነስተኛ ቤቶች እንደ ተሠሩ የሚያመለክቱ ምልክቶች ተገኝተዋል። ስቱዋርት መንሮ ሄይ የተባለው የአክሱም ታሪክ ተመራማሪ ይህን የከተማዋ መዳከም ምልክት አድርጎ መዝግቦታል።

መዳከም መሆኑ አይካድም። ሆኖም ነገሩን ከሰፋሪው አንጻር ብናየው ሌላ ገጽ ይገለጥልናል። ጎርፍ ማሳውን የወሰደበት ገበሬ፣ ቤተ መንግሥቱ ሲዘጋ ሥራ ያጣ ባለ እጅ፣ ጌታው ጥሎት የሄደ አገልጋይ መጠለያ ያስፈልገዋል። በፈረሰ አዳራሽ ማዕዘን ሁለት ግድግዳ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ የቀረውን ሁለት ግድግዳ ማቆም ለአንድ ቤተሰብ የሚቻል ሥራ ነው። ድንጋዩ ከአጠገቡ ተከምሯል፤ ጭቃው ከእግሩ ሥር ነው፤ ከወደቀው ጣሪያ የተረፈ ወራጅ ካለ ለአዲሱ ጎጆ ይበቃል። በአንድ ንጉሥ ትእዛዝ ምናልባት በብዙ መቶ ሰዎች ጉልበት የተጓጓዘው ድንጋይ በዚህ አኳኋን ለተሸካሚዎቹ የልጅ ልጆች ቤት መሥሪያ ሆነ።

የአሠራሩ ዕውቀትም አብሮ ተሻግሯል። በትግራይና በኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች የሚሠራው ህድሞ የሚባለው ቤት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ የጭቃ ማያያዣ፣ በእንጨት ተሸካሚዎች ላይ የተደለደለ የአፈር ጣሪያ አለው። ህድሞ ከአዳራሹ በቀጥታ ተወለደ ማለት ባይቻልም፣ ድንጋይን በጭቃና በእንጨት አያይዞ የማቆም ጥበብ በቤተ መንግሥት ውድቀት አብሮ እንዳልወደቀ ምስክር ነው። ጥበቡ ነገሥታቱ ከሌሉ በኋላም በግንበኛው እጅ ቀረ።

በእርግጥ ይህ ሽግግር ዋጋ አስከፍሏል። ሰፋሪው ለጎጆው የሚሆን ድንጋይ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚነቅለው ከሁሉ የሚያምረውን የማዕዘን ጥርብ ነው። ማዕዘኑ ከተነቀለ ደግሞ የቀረው ግድግዳ ለመደርመስ ይቀርባል። ስለዚህ ሰፋሪው ሕንፃውን በአንድ እጁ ይጠብቃል፣ በሌላው እጁ ያፈርሳል። አንዱን ብቻ አይቶ ሌላውን መዘንጋት እውነቱን በግማሽ መናገር ነው።

አንበሳ ቤት

ከዚያ በኋላ ባሉት የመካከለኛው ዘመን ምዕት ዓመታት አክሱም የመንግሥት መቀመጫ ባትሆንም የዘውድ ሥርዐት ስፍራ ሆና ቆየች። ዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1428 ዓ.ም. የዘውድ በዓላቸውን በዚያ አከበሩ። ነገሥታቱ በአባቶቻቸው ከተማ እንግዶች ነበሩ፤ የቀድሞዎቹ አዳራሾች ሊያስተናግዷቸው አልቻሉም። ቦታው የካህናቱና የነዋሪው ሆኖ ነበር።

ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ አክሱም በጻፈው ውስጥ በጽዮን ማርያም ቅጥር ዙሪያ ያየውን ይተርካል። በሰፊው ቅጥር ውስጥ የደብሩ አለቆችና ካህናት የሚኖሩባቸው ቤቶች እንደ ነበሩ፣ ከበሩም አጠገብ በየማዕዘኑ ጥርብ ዐምድ የቆመበት ትልቅ የፈረሰ አራት ማዕዘን ቤት እንደ ነበረ ይገልጻል። የአገሩ ሰዎች ይህን ፍርስራሽ «አንበሳ ቤት» ብለው ይጠሩት እንደ ነበርና በጥንት ጊዜ አንበሶች ይታሰሩበት ነበር ይሉ እንደ ነበር ጽፏል።

ይህ አጭር ምስክርነት ብዙ ይነግረናል። ሕዝቡ የሕንፃውን የመጀመሪያ ባለቤት ስም ባያስታውስም ቤቱን ያለ ስም አልተወውም። ዛሬ የምንጠቀምባቸውም ስሞች እንዲሁ ከነዋሪው የተገኙ ናቸው። «ታዕካ» በግዕዝ አዳራሽ ወይም ቤተ መንግሥት ማለት ሲሆን፣ የማርያም ስም ተጨምሮበት ቀርቷል። «እንዳ» በትግርኛ የእገሌ ቤት፣ የእገሌ ስፍራ የማለት ትርጕም አለው። ዱንጉርንም ሕዝቡ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት ይለዋል፤ የቁፋሮው ውጤት ግን ሕንፃው ከእርሷ ዘመን እጅግ ዘግይቶ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ እንደ ተሠራ ያመለክታል። ትውፊቱ በዘመን ቍጥር ባይስማማም አንድ ትልቅ አገልግሎት ሰጥቷል፤ ቦታው የተከበረ መሆኑን ከትውልድ ወደ ትውልድ አስተላልፏል።

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጽዮን ማርያም ፈረሰች። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዓፄ ፋሲል ዘመን እንደ ገና ስትሠራ በቀድሞዋ ቤተ ክርስቲያን ሰፊ መደብ ላይ ቆመች። ካህኑም እንደ ገበሬው ሁሉ የጥንቱን መሠረት ለአዲስ ሕይወት ተጠቀመበት።

ጎጆው ያቆየውን መንገድ ሲያፈርሰው

የጀርመኑ ቡድን በ1898 ዓ.ም. ሲደርስ አዳራሾቹ የሚገኙት በመንደር አካባቢ፣ በነዋሪዎች ቤቶችና ጓሮዎች መካከል ነበር። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የሰው እግር ያልተለየው ቦታ መሠረቱን አላጣም ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ በተከተለው የፋሺስት ወረራ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ወራሪው የሠራው መንገድ በታዕካ ማርያም ላይ አለፈ። ከሁሉ የሰፋው አዳራሽ በዚህ ሁኔታ ከሞላ ጎደል ጠፋ፤ ዛሬ ስለ እርሱ የምናውቀው በአመዛኙ በ1898ቱ ንድፍ ነው። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ 24 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሐውልት ወደ ሮም ተወሰደ፤ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ በቦታው ተተክሎ የተመረቀው በ2000 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የብዙ ምዕት ዓመታት የድሆች ኑሮ ያላጠፋውን የአንድ መንገድ ሥራ በጥቂት ዓመታት አጠፋው። ንድፉ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ባይሰፍር ኖሮ ታዕካ ማርያም ከነልኩ ከታሪክ በወጣ ነበር። አክሱም በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበች ወዲህ ጥበቃው ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል። ሆኖም በከተማይቱ ነዋሪው ለመጸዳጃ ጉድጓድ ወይም ለአጥር መሠረት ሲቆፍር ጥንታዊ ግድግዳ ሊያገኝ ይችላል። የቅርሱ ዕድል በሕጉ ብቻ ሳይሆን በዚያ ነዋሪ ፈቃድና ዕውቀት ላይም የተመሠረተ ነው።

ሁለት የሌላ አገር ምሳሌዎች

ነገሩ በኢትዮጵያ ብቻ የታየ አይደለም። በዛሬይቱ ክሮኤሺያ በምትገኘው በስፕሊት ከተማ የሮማው ቄሣር ዲዮቅልጥያኖስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የገባበት ቤተ መንግሥት አለ። የአክሱም አዳራሾች ጌታቸውን ባጡበት በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከሳሎና ከተማ የተሰደዱ ሰዎች ወደዚህ ቤተ መንግሥት ገቡ። በዐምዶቹ መካከል ግድግዳ አቆሙ፤ የቄሣሩን መቃብር ቤተ ክርስቲያን አደረጉት፤ ቤተ መንግሥቱም ከተማ ሆነ። ዛሬም ሰው ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የቄሣሩ ሥራና የተሰዳጆቹ ልጆች ሥራ አንድ ላይ ነው።

በደቡብ ፈረንሳይ በአርል ከተማ ደግሞ የሮማውያን ክብ የትርዒት ቦታ በመካከለኛው ዘመን በግንብ የተጠበቀ መንደር ሆኖ ከ200 በላይ ቤቶች ተሠርተውበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ቤቶቹን የማንሣት ሥራ ተጀመረ፤ ጥንታዊው የትርዒት ቦታም ጠርቶ ወጣ። ጎብኚው የሮማውያንን ሥራ ሳይከለል ያያል፤ የመንደሩን የብዙ ምዕት ዓመታት ኑሮ ግን በቦታው ሊያነበው አይችልም።

በአገራችንም በላሊበላ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖሩ የነበሩ በርካታ ቤተሰቦች ለቅርሱ ደኅንነት ሲባል ወደ ሌላ ሰፈር እንዲዛወሩ ተደርጓል። ከቤቶቹ ውስጥ ክብ ሆነው ባለ ሁለት ፎቅ ከተሠሩት የላስታ የድንጋይ ጎጆዎች አንዳንዶቹ ራሳቸው ቅርስ በመሆናቸው እንዳይፈርሱ ተደርጓል። ጎጆው ተጠብቆ ባለ ጎጆው ሲሄድ ግን ጭስ የማይወጣበት ቤት ይቀራል። ጣሪያውን በየጊዜው የሚከድን ሰው ከሌለ ደግሞ የአክሱም አዳራሾች የደረሰባቸው በእርሱም ይደርሳል።

የእኛ ዘመን አዳራሾች

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ዋሉ። በዳግማዊ ምኒልክና ከዚያ በኋላ በነበረው ዘመን በአዲስ አበባ ከተሠሩት፣ የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች ጭምር ከተሳተፉባቸው የድንጋይና የእንጨት ቤቶች ብዙዎቹ ከዚያ ወዲህ ለበርካታ ቤተሰቦች ተከፋፈሉ። ግብር ይበላበት የነበረው አዳራሽ በስስ ግድግዳ ተከፍሎ የሦስትና የአራት አባወራ ቤት ሆነ፤ ሰፊው በረንዳ ተዘግቶ ወጥ ቤት ሆነ፤ በግቢው ውስጥ የጭቃ ቤቶች በቀሉ።

ይህ ታሪክ ከአክሱሙ ጋር ያለው ተመሳሳይነት ለማንም የተሰወረ አይደለም። በአንድ በኩል ቤቱ ተጎድቷል፤ የተጠረበው መከታ ለማገዶ ውሏል፤ ጣሪያው ያፈስሳል። በሌላ በኩል መኖሪያ ስለ ሆነ ብቻ ግማሽ ምዕት ዓመት ቆሟል፤ ቤት ላልነበረውም ሰው ቤት ሆኖታል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ በተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ በርካታ የቆዩ ቤቶች ሲነሡ ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛወሩ። ቤቱ ሲነሣ ድንጋዩ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። የየትኛው ክፍል ማን እንደ ነበረ፣ አዳራሹ በየት በኩል እንደ ተከፈለ፣ ሠርጉና ለቅሶው በየትኛው በረንዳ ይደረግ እንደ ነበር የሚያውቀው ነዋሪ ግን ዕውቀቱን ይዞ ይበተናል።

ከተማ ማደግ አለበት፤ የሚያፈስስ ጣሪያ ሥር የሚኖር ቤተሰብም የተሻለ ቤት ይገባዋል። የቅርስ ጥበቃ በድኅነት ላይ ድኅነት እንዲጨመር የሚጠይቅ ከሆነ የሕዝብ ድጋፍ አያገኝም። ነገር ግን ከአክሱም ታሪክ ሦስት ግዴታዎች ይመነጫሉ። አንደኛው፣ ማንኛውም የቆየ ቤት ከመነካቱ በፊት መለካትና መነደፍ አለበት፤ ታዕካ ማርያም ዛሬ የሚኖረው በወረቀት ላይ ነውና። ሁለተኛው፣ ንድፉ የመኳንንቱን አዳራሽ ብቻ ሳይሆን አዳራሹን የከፈለውን ግድግዳም መያዝ አለበት፤ ያ ግድግዳ ከሕዝቡ ታሪክ አንድ ምዕራፍ ነው። ሦስተኛው፣ ነዋሪው እንደ ቅርስ አጥፊ ብቻ መቈጠሩ ቀርቶ ጠባቂም ምስክርም ሆኖ መጠየቅ አለበት።

በዚህ ሥራ የባለሙያ ቍጥር ማነስ ሰበብ ሊሆን አይገባም። መምህር ተማሪዎቹን ሜትርና ወረቀት አስይዞ የሰፈሩን አሮጌ ቤት ሊያስለካ ይችላል። ሠዓሊ ቤተ መንግሥቱን በቀድሞ ክብሩ ከመሣል አልፎ፣ በበረንዳው ላይ የተሰጣውን ልብስና ከመስኮቱ የሚወጣውን ጭስ ጨምሮ ሊሥል ይችላል። የቀበሌና የወረዳ ኃላፊ ለመፍረስ የተመደበን ቤት ዝርዝር ሲፈርም የአዛውንቶቹ ቃል መጻፉን ሊያረጋግጥ ይችላል። የአክሱም አዳራሾች ድንጋይ ያጓጓዙትን ሰዎች ስም አላቆዩልንም፤ በፍርስራሹ ውስጥ ጎጆ የቀለሱትንም እንዲሁ። በእኛ ዘመን አዳራሾች የሚኖሩት ሰዎች ግን ስማቸውን ሊነግሩን ዛሬ በሕይወት አሉ፤ የሚጠይቃቸው ሰው መድረስ ያለበትም ቤቱ ቆሞ ሳለ ነው።